እኔ ከሞትሁ ልጄ የት ይደር?

ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ አካባቢ የጻፉልን እናት የ64 ዓመት ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ዳውን ሲንድረም ያለበት የ31 ዓመት ወንድ ልጃቸው አብሯቸው ይኖራል። ልጁ ገላውን ይታጠባል፣ ልብሱን ራሱ ይለብሳል፣ ቡና ይቆላል፣ ከመንደሩ መስጊድና ከሱቅ ብቻውን ይመላለሳል፤ ነገር ግን ብር ቆጥሮ አይቀበልም፣ እሳት ትቶ ይወጣል፣ ካላወቀው መንገድ ከገባም ይጠፋል። ሴት ልጃቸው ኮምቦልቻ አግብታ ትኖራለች፤ ታላቁ ወንድ ልጃቸው ጅዳ ነው። እናትየዋ የስኳር ሕመም ካገኛቸው ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። ያሰቡት መንገድ ሦስት ነው፤ አንደኛው ልጁን አዲስ አበባ ወዳለ መርጃ ማዕከል ማስገባት፣ ሁለተኛው ቤታቸውን ለእህታቸው ልጅ በስጦታ አዙረው «እስከ ዕለተ ሞቱ አኑርልኝ» ማለት፣ ሦስተኛው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ መላክ።

የተከበሩ እናቴ፤ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልለምንዎ። ጥያቄውን «ከሞትሁ በኋላ» ከሚለው አንሥተው «እኔ በሕይወት ሳለሁ» ወደሚለው ያምጡት። ልጅዎ አዲስ ቤት፣ አዲስ ሰውና አዲስ የጠዋት ሥርዓት ለመልመድ ወራት ምናልባትም ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ ያን ሁሉ በለቅሶ ሰሞን፣ እናቱን ባጣበት ሳምንት እንዲለምድ መጠበቅ ጭካኔ ይሆንብናል። እርስዎ እያዩት፣ ሲሳሳት እያረሙት፣ ሲከፋው ወደ ጉያዎ እየተመለሰ ቢለምደው ግን ይለምደዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዘንድሮ የሚጀመር እንጂ ለኑዛዜ የሚቀመጥ አይደለም።

እኛ «እገሌ እያኖረው ነው» ስንል የሚያድርበትን ቤት፣ አብሮት የሚውለውን ሰው፣ ስለ እርሱ የሚፈርመውንና ገንዘቡን የሚይዘውን ሰው በአንድ ቃል ጠቅልለን ነው። በብዙ ቤት ሦስቱም በአንድ እጅ ይገባሉ፤ እኔ ካየኋቸው ቤቶች የከፋው ነገር የደረሰውም ከዚያ ነው። ሐይቅ አካባቢ አንዲት እናት ቤታቸውን ለቅርብ ዘመድ በስጦታ አዙረው፣ ዘመዱም በሽማግሌ ፊት ልጃቸውን ሊያኖር ቃል ገብቶ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በደንብ አኖረው። ከዚያ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ቤቱ ጠበበ፤ ልጁ ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ማዕድ ቤት ወረደ። የሚጠይቅ ሰው ቢመጣም ቤቱ የሰውየው፣ ገንዘቡ የሰውየው፣ ልጁም በሰውየው እጅ ስለ ነበር የሚያዝዝበት አልነበረም።

የእህትዎን ልጅ አላውቀውም፤ ደግ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ካርታው በስሙ ከዞረ በኋላ ቢሸጠው፣ በብድር ቢያስይዘው፣ ትዳሩ ፈርሶ ንብረት ቢካፈል ወይም ቀድሞ ሞቶ ለልጆቹ ቢያወርስ፣ በቃል ብቻ የተገባልዎ «አኑረዋለሁ» ልጅዎን ከደጅ አያስገባውም። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ ይተዉት ነው የምለው፤ በዚህ ነገር አላመነታም።

ማዕከሉን በተመለከተ ደግሞ አሳቤ ትንሽ ይለያል። መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት ጧሪና ደጋፊ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥተው የሚያኖሩ ናቸው፤ ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። ልጅዎ ግን ቤት አለው፣ እህትና ወንድም አለው፣ ከዚህም በላይ መንደር አለው። ስለ ቅሬው፣ ማለትም ስለ መንደሩ ዕድር፣ በደብዳቤዎ ላይ እንደ ዋዛ የጣሏት አንዲት መስመር አለች፤ «በቅሬው ድንኳን ሲተከል እሱ ሳይኖር አይተከልም፣ አግዳሚውን የሚሸከመው እሱ ነው» ብለዋል። እናቴ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ገንዘብ ያላቸው አገሮች እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከትልልቅ ማቆያዎች አውጥተው በሰፈር መሐል ለማኖር የሚደክሙት፣ ልጅዎ አሁን ያለውን ነገር ለማግኘት ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ19ኛው አንቀጹ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚኖርበትንና አብሮት የሚኖረውን የመምረጥ መብት አለው፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ሆኖም ድጋፉ ወደ እርሱ ይምጣ እንጂ እርሱ ድጋፍ ፍለጋ ከሰው አይለይ። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ማንም የማያውቀው ሰው ከመሆን፣ ሰኞ ገበያ ስሙን የሚጠራው ሰው መሆን ይሻለዋል።

ኮምቦልቻ ያለችው ልጅዎ «እኔ እወስደዋለሁ» ማለቷ እውነተኛ ፍቅር ነው፤ እንደ ጻፉልኝ ባሏ ዝም ማለቱ ግን መልስ ነው፣ ስለዚህ አያስጨንቋት። ለእርሷ የተሻለ ሥራ አለኝ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ግቢዎ ውስጥ ዋናው ቤት፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስና በመንገዱ በኩል በወር 7,000 ብር የሚከራይ ሱቅ እንዳለ ጽፈዋል። ልጅዎን ከዚያ ግቢ አያስወጡት፤ ረዳቱን ወደ ግቢው ያምጡ። ከሁለቱ የሰርቪስ ክፍሎች አንዱ የልጅዎ፣ አጠገቡ ያለው የረዳቱ ይሁን። የልጅዎ ክፍል የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ አልጋ፣ የራሱ የልብስ ሳጥን ይኑረው፤ ቀለሙን እሱ ይምረጠው፤ ምድጃ ግን አይግባበት። እሳት ትቶ የሚወጣ ከሆነ ምግብ የሚበስለው በረዳቱ በኩል ይሁንና ቡናውንም ረዳቱ ባለበት ይቁላ። እርስዎ በዋናው ቤት ሆነው የሚያዩት ይህ ኑሮ ነው ነገ ያለ እርስዎ የሚቀጥለው።

ረዳቱ ማን ይሁን? ልጅዎ ወንድ ነውና ወንድ ረዳት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ገላውን ራሱ ቢታጠብም ሲታመም የሚያነሣው፣ ወደ መስጊድ አብሮት የሚሄድ ያስፈልጋልና። ዕድሜው ከ40 የዘለለ፣ መንደሩ የሚያውቀው፣ መጠጥና ጫት ያልበዛበት ሰው ይፈልጉ፤ ከገጠር ዘመድ ወገን ቢገኝም ጥሩ ነው፣ ዘመድነቱ ግን ደመወዙን አያስቀረው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል፤ «ነፃ ቤት ሰጥተነዋል፣ ሌላ ምን ይፈልጋል» ይላሉ። ቤት ብቻ የተሰጠው ሰው ራሱን እንደ ተከራይ ያያል፣ ተከራይ ደግሞ ልጁ ሌሊት ቢጣራ የመነሣት ግዴታ የለበትም። ደመወዝ ይክፈሉት፣ የሚያድርበት ክፍል ለሥራው ሲባል የተሰጠው መሆኑን በጽሑፍ ያስፍሩ። «ኪራይ ቀንሼልሃለሁ፣ ልጄን ተንከባከብልኝ» የሚል ውልም አይጻፉ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ዝቅተኛ ዘመን ሁለት ዓመት እንዲሆን ስላደረገ፣ ሥራው ሳይሳካ ቢቀር ሰውየው በኪራይ ውሉ ተቀምጦ ልጅዎ ያለ ረዳት የሚቀርበት ሁኔታ ሊመጣ ይችላል።

የሱቁ ኪራይ ለረዳቱ ደመወዝና ለልጅዎ ቀለብ ይመደብ፤ የጎደለውን ጅዳ ያለው ልጅዎ በየወሩ ቁርጥ ባለ መጠን ይላክ። «ሲመቸኝ እልካለሁ» በዚህ ጉዳይ አይሠራም፣ በግልጽ ይንገሩት። ገንዘቡ ከእርስዎ የግል ሂሳብ ተለይቶ ይቀመጥ። ከከተማው በኩል ደግሞ፣ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፤ መሥራት ለማይችሉ የቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍልም አለው። ምርጫው ድህነትን የሚመዝን ስለሆነ ሱቅ እያከራዩ ዛሬ ይደርስዎታል ብዬ አልገምትም፤ ቢሆንም ልጅዎ በቀበሌው ማኅበራዊ ጉዳይ መዝገብ ላይ በራሱ ስም እንዲሰፍር ያድርጉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ድጋፍ እንዲያደርግ ሲያዝዝ፣ ያልተመዘገበን ሰው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቅሬውን ከሁሉ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። በእኛ አገር ቅሬ እስላምና ክርስቲያን ሳይል መንደሩን የሚያስተሳስር ነው፤ ቀብር ብቻ ሳይሆን ዓይንም አለው። ከቅሬው ዳኛ ጋር ተነጋግረው ልጅዎን በራሱ ስም አባል ያድርጉት፣ መዋጮውን በራሱ እጅ ይክፈል። «የእገሊት ልጅ» መሆኑ ቀርቶ ቅሬተኛ ሲሆን፣ ከእርስዎ በኋላ የቅሬው ሰው መጥቶ «አባላችን የት ነው?» የማለት መብት ያገኛል። በተጨማሪ ሁለት ጎረቤቶችን ለይተው ይለምኑ፤ በደብዳቤዎ የጠቀሷቸው የማርያም ማኅበርተኛ ጎረቤትዎ አንዷ ይሁኑ። ሥራቸው ትንሽ ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ሳያስታውቁ ደጁን አንኳኩተው መግባት፣ ልብሱን፣ ክብደቱንና ፊቱን ማየት፣ ረዳቱ በሌለበትም ለብቻው ማነጋገር። ረዳቱ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይወቀው። ጨዋ ከሆነ ቅር አይለውም፤ ቅር ካለው ግን ጠባዩን በጊዜ አወቁት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሳያስደነግጥዎ የማይቀር ነገር አለ። ልጅዎ 18 ዓመት ከሞላው ጀምሮ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው፤ እርስዎ እናቱ እንጂ ሕጋዊ ወኪሉ አይደሉም። እስከ ዛሬ ባንክም ሆነ ሆስፒታል ያስተናገደዎ እናትነትዎን አክብሮ ነው፤ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ሰው ግን ያ ደግነት ላይደረግለት ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አእምሮው በቂ ዕድገት ያላገኘን ሰው «ዕብደት» በሚል ርእስ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ቃሉ ይከብዳል፣ እኔም ባነበብሁት ቁጥር ያመኛል፤ ልጅዎ ዕብድ አይደለም። ርእሱን ይለፉትና ይዘቱን ይዩት፤ ዘመድ የሆነ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ለእንዲህ ያለው ሰው አሳዳሪና ሞግዚት ሊያሾምለት ይችላል። አሳዳሪው ስለ አካሉ፣ ስለ ጤናውና ስለ መኖሪያው፣ ሞግዚቱ ስለ ንብረቱና ስለ ፊርማው የሚያስብ ነው። ሕጉ ራሱ ሁለቱን ለይቷቸዋልና ቀድሜ ያነሣሁት የመለያየት አሳብ እዚህ መንገድ ያገኛል። አሳዳሪነቱ ለኮምቦልቻ ልጅዎ ይሁን፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ ያልሁት ይህን ነው። ቤቷ ሳትወስደው፣ ከባሏ ሳትጣላ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በየሳምንቱ እየመጣች ልታየው ትችላለች። ሞግዚትነቱ ግን በሌላ ሰው፣ በአባቱ ወገን ባለ አጎት ወይም በሚያምኑት የዕድሜ ባለጠጋ ይሁን፤ ጅዳ ያለው ልጅዎ ለፊርማ አይደርስም።

ይሁን እንጂ አሳዳሪና ሞግዚት የሚሾምበት የፍርድ ክልከላ ማለት የልጅዎን በራሱ ስም የመዋዋል መብት መውሰድ ስለሆነ አይቸኩሉበት። ዛሬ በስሙ ንብረት ከሌለ፣ እርስዎም በሕይወት ካሉ፣ መጀመሪያ ከጠበቃ ጋር ይማከሩ። ማመልከቻው ሲገባም ቤቱ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ እንዲታዘዝ፣ ሞግዚቱም በየዓመቱ ሂሳብ እንዲያቀርብ በግልጽ እንዲጠየቅ ያድርጉ። ልጅዎንም ይዘውት ይቅረቡ፤ ስለ እርሱ የሚወስን ሰው እርሱን አይቶ ይወስን።

ቤቱን በተመለከተ ባለቤትነትንና መኖርን መለየት ይቻላል። ሕጉ የአላባ መብት የሚለው አለ፤ የቤቱ ባለቤትነት ለልጆችዎ ሁሉ ሆኖ፣ በዚያ ቤት የመኖርና የሱቁን ኪራይ የመብላት መብት ግን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የዚህ ልጅ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህ በኑዛዜ ሊሰፍር ይችላል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ቀን መጻፍና በሁላችሁም መፈረም አለበት፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የጻፉት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ምስክሮቹ ኑዛዜው የማይጠቅማቸው ሰዎች ይሁኑ።

እርስዎ ሙስሊም እናት ነዎትና አንድ ነገር ልጨምር። በሸሪዓው ሥርዓት ለወራሽ የሚደረግ ኑዛዜ ሌሎቹ ወራሾች ካልተስማሙበት አይጸናም፤ ለወራሽ ላልሆነ ሰውም ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም። ልጅዎ ወራሽ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሚዳኝ ቢሆንም፣ ጉዳዩ የትኛውም ፍርድ ቤት ቢሄድ እንዳይናጋ ሁለቱን ልጆችዎን ዛሬ ያስማሟቸው። ጅዳ ያለው ልጅዎ ለእረፍት ሲመጣ፣ ያልሆነለት እንደሆነም በሕጋዊ ውክልና፣ «ወንድማችን በሕይወት እስካለ በዚህ ቤት ይኑር፣ የሱቁ ኪራይም የእርሱ ነው» የሚል ሰነድ ይፈርሙ። የመንደሩ ሸኽና የአገር ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ዱዓ ተደርጎ ቢፈረም፣ ከማኅተሙ ባልተናነሰ ያስራቸዋል፤ ወሎ ላይ ሽማግሌ ፊት የተባለን ነገር ማፍረስ ከባድ ነው። ወቅፍም፣ ማለትም ንብረቱ እንዳይሸጥ አድርጎ ጥቅሙን ለአንድ ዓላማ መስጠት፣ ሌላ መንገድ ነው፤ እርሱን ለማሰብ ግን ዓሊም መጠየቅ ይሻላል።

ጤናውን በአጭሩ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች የእንቅርት ዕጢ መስነፍ በብዛት ያገኛቸዋል፤ ድካም፣ ውፍረትና ዝምታ ሲበዛበት «ጠባዩ ነው» ብለው አይለፉት፣ በየዓመቱ ደም ያስመርምሩለት። ጆሮውና ዓይኑም ይታይ። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ የመርሳት ሕመም ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊመጣባቸው ይችላል፤ ይህን ረዳቱና ሴት ልጅዎ ይወቁት፣ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ድጋፍ ከዛሬው እጥፍ ይሆናልና። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ገና ሲሞከር ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች፤ አባል ከሆኑ 18 ዓመት ያለፈው ልጅዎ በመታወቂያው ላይ መስፈሩን ያረጋግጡ፣ ካልሰፈረ መዋጮ ጨምረው ያስገቡት።

በጥቅምት 2014 ሕዝቡ ከደሴ ሲወጣ ልጅዎ መንገድ ላይ ከእጅዎ አምልጦ ግማሽ ቀን ጠፍቶ እንደ ነበር ጽፈዋል። ያ ቀን ምን ማድረግ እንዳለብን ያሳያል። የቀበሌና የፋይዳ መታወቂያ በስሙ ይውጣለት፤ ስሙ፣ ሰፈሩና ሦስት ስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ካርድም በልብሱ ውስጥ ተሰፍቶ ይዋል። የልደት ምስክሩ፣ የሐኪም ወረቀቱና የቤቱ ካርታ ግልባጭ ኮምቦልቻ ልጅዎ ዘንድ ይቀመጥ።

አንድ ደብተርም ይግዙ። ጠዋት ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሲናደድ ምን ቢሉት እንደሚበርድ፣ «አማሙ» ሲል ራሱን እንደሚያመው፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻውን መተኛት እንደማይወድ፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉበት። መጻፍ ከከበደዎ እርስዎ ይናገሩ፣ ሴት ልጅዎ ትጻፈው። ይህን የሚተካ ሕግም ደመወዝም የለም።

«እንደምሞት እንዴት ልንገረው? አይገባውም» ብለዋል። ይህን አልቀበልዎትም። ለስንት ሰው ድንኳን የተከለ፣ ለስንት ለቅሶ አግዳሚ የተሸከመ ልጅ ነው፤ ሰው ሞቶ እንደማይመለስ ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቃል። ያላወቀው የእርስዎ ተራ ሲደርስ እሱ የት እንደሚያድር ነው፤ እሱንም የሚያውቀው በአፍ ሲነገረው ሳይሆን ሲኖርበት ነው። ስለዚህ ክፍሉ ተቀብቶ ረዳቱ ከገባ በኋላ ኮምቦልቻ ልጅዎ ዘንድ ሄደው አንድ ሌሊት ይደሩ። «እናትህ እህትህ ዘንድ ታድራለች፣ አንተ በቤትህ ታድራለህ፣ ነገ ከዐሥር በኋላ እመጣለሁ» ይበሉትና ባሉት ሰዓት ይመለሱ። በሚቀጥለው ወር ሦስት ሌሊት፣ ከዚያ ሳምንት ይሁን። በመጀመሪያው ሌሊት ያለቅስ ይሆናል፤ እርስዎም ሳያለቅሱ አይቀሩም። ስልክ ግን አይደውሉ፣ ረዳቱ ይደውልልዎ፤ ማልዶ ማን ቡና እንደ ቆላ እሱ ይንገርዎ።